ሰባት ቤት በኮምፒዩተር ሲቆጠር

ፈንታ፦ እኔን ዜሮ አትበለኝ አልኩህ!

ታዲዮስ፦ ስድብ አይደለም እኮ፤ ተራህ ነው!

ፈንታ፦ አባቴ ቢሰማህ በዱላ ነው የሚመልስልህ። ዜሮ ማለት ባዶ ነው፤ ዜሮ ማለት የሌለ ነው። እኔ ደግሞ ይኸው አለሁ፤ በሶ እየበላሁ።

ታዲዮስ፦ አሬይ ላይ የመጀመሪያው ሰው ዜሮ ይባላል። ሁለተኛው አንድ፣ ሦስተኛው ሁለት። የዓለም ሕግ ነው።

ፈንታ፦ ዓለም ሕጉን ሲያወጣ ጊሼን ያማከረ የለም።

ታዲዮስ፦ ኧረ ተው ፈንታ፣ በሞቴ! ሽማግሌዎቹ መናኸሪያ ቆመው ነው የሚጠብቁኝ!

[ነገሩ እንዲህ ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለች የቆርቆሮ ቤት፣ አንዲት የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ አለች። እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ፤ ጉሙ ገና ከመስኮቱ አልገፈፈም። ታዲዮስ የአስተማሪውን ቁልፍ ለምኖ ገብቷል። ለአቧራ ብለው ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጥሉትን ባና ገፎ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። ለሚያየው ሰው ሲ ፕሮግራሚንግ የሚያጠና ይመስላል። ልቡ ግን ጎረቤት ከተማ ሞላሌ ናት፤ አቶ ገሠሠ ቤት፣ አብራቸው የምትማረው ልጃቸው ኮከብ ዘንድ። ዛሬ አጎቱ ጋሼ ኪዳነ ወልድ ሽማግሌዎች ይዘው ሊጠይቁለት ነው። እሳቸው ግን «ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ ሳይታወቅ እግሬን አላነሣም» ብለዋል። ታዲዮስ ደግሞ የተማረ ሰው አይደል! «ቆጠራውን ለኔ ይተዉት፤ በኮምፒዩተር ነው የምቆጥረው» ብሎ ቃል ገብቷል። ፈንታ የክፍል ጓደኛው ነው፤ ከሩቅ የመጣ የጊሼ ልጅ። ነገር ቶሎ አይገባውም እየተባለ የሚታማ።]

ፈንታ፦ እሺ፣ ዜሮውን ለጊዜው ይቅር ብዬሃለሁ። ስትራክት ያልከው ግን አልገባኝም።

ታዲዮስ፦ [ፊቱ ይበራል፤ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ምሳውን ይረሳል] ስትራክት ማለት አቁማዳ በለው። አንድ አቁማዳ ለአንድ ሰው። ውስጡ የሰውየው ስም አለ፣ የተወለደበት አገር አለ።

ፈንታ፦ ገብስስ?

ታዲዮስ፦ ገብስ የለም።

ፈንታ፦ ገብስ የሌለበት አቁማዳ ምን ያደርጋል?

ታዲዮስ፦ ምሳሌ ነው! አሬይ ማለት ደግሞ የምንከራይበት ግቢ ነው። ክፍሎቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በተራ ተደርድረው የለም? በየክፍሉ አንድ አቁማዳ፣ ማለት አንድ ሰው ታስገባለህ። የበሩ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል።

ፈንታ፦ አሃ! እንደ አንድ ለአምስት ቡድን በለኛ! መሪው ዜሮ፣ ከሱ ቀጥሎ አምስቱ።

ታዲዮስ፦ አዎ፣ ልክ ነህ።

ፈንታ፦ እስቲ ቀበሌ ሄደህ መሪውን ዜሮ ነህ በለው።

ታዲዮስ፦ ዝም ብለህ ስማ! አሁን «እኔ» የሚል አሬይ አወጣሁ፤ ሰባት ክፍል አለው። በዜሮው በር እኔ፣ በአንድ አባቴ፣ በሁለት አያቴ፣ በሦስት ቅድመ አያቴ፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ከጎኑ ደግሞ «እሷ» የሚል ሌላ ሰባት ክፍል። በዜሮው በር ኮከብ፣ በአንድ ጋሽ ገሠሠ፣ እያለ ይቀጥላል። ፕሮግራሙ የኔን ሰዎች አንድ በአንድ እየያዘ ከሷ ሰዎች ጋር ያስተያያል። አንድ ሰው ከሁለቱም ግቢ ከተገኘ ዘመድ ነን፤ አለቀልኝ። ካልተገኘ እልል በል!

ፈንታ፦ ሞክሼ ቢገኝስ? እኛ አገር ከሁለት ሰው አንዱ ኃይሌ ነው።

ታዲዮስ፦ ለዚህ ነው እኮ ከስሙ ጋር አገሩንም አቁማዳው ውስጥ የከተትኩት። አየህ ትምህርት!

ፈንታ፦ የእናት ወገንስ?

ታዲዮስ፦ እሱ በሚቀጥለው ማሻሻያ ይገባል።

ፈንታ፦ እናትህ በሚቀጥለው ማሻሻያ? ይህን ጉድ እንኳን አልሰማች! ኮከብስ ምን አለች?

ታዲዮስ፦ ስለ ምኑ?

ፈንታ፦ ስለ ጋብቻው ነዋ። ጠይቀሃታል?

ታዲዮስ፦ ኮከብን? ገና ምኑም ሳይያዝ ምን ብዬ ነው የምጠይቃት! ፍላሽ አዋስኳት፤ ስትመልስልኝ ሳቀች። ሴት ልጅ ፍላሽ መልሳ ከሳቀች ከዚህ በላይ ምን ትበል? ነገሩ ያለቀ ነው። እሷን ካጣሁ ግን ፈንታ፣ እውነቴን ነው፣ ይህን ከተማ ጥዬ ነው የምሄደው።

ፈንታ፦ ታዲዮስ፣ አንድ ነገር ልንገርህ ብዬ ነበር...

ታዲዮስ፦ ገባኝ፤ ኢንዴክስ አልገባህም። ኢንዴክስ ማለት የበሩ ቁጥር ነው።

ፈንታ፦ [በረጅሙ ይተነፍሳል] እሺ፣ የበሩ ቁጥር።

[ታዲዮስ ይጽፋል። መስመር መዝጊያዋ ምልክት፣ የሴሚኮለኗ ቁልፍ ሥር ቆሎ ገብቶባታል፤ በጡጫ ካልተመታች አትሠራም። ድው! ድው! ማሽኑ እንዲፈትሸው ኮምፓይል ሲያደርግ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ስህተት በስህተት ይደረደራል።]

ፈንታ፦ አቤት መዓት! ምን አጥፍተህ ነው?

ታዲዮስ፦ አንዲት ሴሚኮለን አምልጣኝ ነው።

ፈንታ፦ ባንዲት ነጥብ ይህ ሁሉ ስድብ? የንስሐ አባቴም እንዲህ አይጨክኑ።

ታዲዮስ፦ [ድው!] ይኸው! አሁን እየው! አንብበው፣ አንብበው!

ፈንታ፦ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። «ዝም...ድና የ...ለም። መጋባት ይቻላል።»

ታዲዮስ፦ እልልል! [ጠረጴዛው ላይ ይወጣል፤ ኔትወርክ የሚገኘው ቆርቆሮው ሥር ብቻ ነው] ሃሎ! ጋሼ ኪዳነ ወልድ! ይነሡ! ጥርት ያለ ነው! አዎን፣ ሰባት ቤት! ኧረ ጋሼ፣ ኮምፒዩተር ይሳሳታል እንዴ! ይንዱት!

[ይወርዳል። ደስታው ትከሻው ላይ ወጥቶ እስክስታ ያስወርደዋል። ፈንታ አብሮት አያጨበጭብም፤ ውጭ መኪና ሲያልፍ ሰምቶ ወደ መስኮቱ ሄዷል።]

ታዲዮስ፦ ምን ያቁነጠንጥሃል?

ፈንታ፦ ጉሙ ገፈፈ ወይ ብዬ ነው። ታዲዮስ፣ ይኸ ነገር በኔም ይሠራል?

ታዲዮስ፦ ለሰው ልጅ ሁሉ ይሠራል።

ፈንታ፦ እስቲ እኔንና እህቴን ጌታነሽን አስገባን።

ታዲዮስ፦ እህትህ መሆኗ እየታወቀ ምን ያደርግልሃል?

ፈንታ፦ አሬይ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፤ አምሮኝ ነው።

ታዲዮስ፦ [ለደስታው ብሎ ይጽፍለታል] ፈንታ... አባት... አያት... ይኸው። ጌታነሽ... ያው አባት፣ ያው አያት። አሁን «ዘመድ ናችሁ» ይልሃል።

ፈንታ፦ «ዝምድና የለም። መጋባት ይቻላል።» [ተነሥቶ ያማትባል] በስመ አብ ወወልድ! ታዲዮስ፣ ይኸ ዕቃ ጌታነሽን ሊድርልኝ ነው!

ታዲዮስ፦ አይሆንም። ስም አሳስተህ ነግረኸኝ ነው።

ፈንታ፦ የገዛ አባቴን ስም? እሺ፣ እስቲ አንተን ካንተ ጋር ሞክረው። በ«እኔ»ም ታዲዮስ፣ በ«እሷ»ም ታዲዮስ።

ታዲዮስ፦ [ይጽፋል፤ ያነባል] «መጋባት ይቻላል።»

ፈንታ፦ እንኳን ደስ ያለህ! ሙሽራውም አንተ፣ ሙሽሪትም አንተ። ድግሱም ይቀላል፤ አማትም አታስቸግርህ።

ታዲዮስ፦ [ፀጉሩን ይይዛል] ቆይ... ቆይ... አወቅሁት! ስም ለማስተያየት ሁለት የ«እኩል ይሆናል» ምልክት ነው ያደረግሁት። ሲ ደግሞ በዚያ ምልክት ስሙን አያስተያይም፤ በሩን ነው የሚያስተያየው። የሁለታችሁ አባት ያው አንድ ሰው ነው፤ ግን አንዴ ባንተ ግቢ፣ አንዴ በሷ ግቢ ጻፍነው። በሩ ሲለያይ ሰውየውም የተለያየ መሰለው።

ፈንታ፦ ታዲያ በሩን አንኳኩቶ «እናንተ ማን ናችሁ?» ማለት የት ሄደ?

ታዲዮስ፦ እሱን የሚያደርግ ሌላ ትእዛዝ አለ። ስትሪንግ ኮምፔር ይባላል።

ፈንታ፦ እያለ ነው ያላደረግኸው?

ታዲዮስ፦ ረሳሁታ! በቃ ረሳሁ!

ፈንታ፦ ሽማግሌዎቹስ?

ታዲዮስ፦ ወይኔ ሽማግሌዎቹ! [ጠረጴዛው ላይ ዘሎ] ሃሎ፣ ጋሼ! ይቁሙ! ባሉበት ይቁሙ! ... አይ፣ ይመለሱ አላልኩም፤ ይቁሙ ብቻ። ... ብርድ ነው? በርኖስዎን ይደርቡ ጋሼ። ... ፈንታንና እህቱን ሊያጋባ ነበር። ... አይ፣ እኔ ሳልሆን ማሽኑ!

[ይወርድና እንደገና ይጽፋል። ፈንታ በሶውን ጨብጦ ከኋላው ይቆማል። ድው! ስክሪኑ መለሰ።]

ፈንታ፦ «ዘመድ ናችሁ። መጋባት ክልክል ነው።»

[ታዲዮስ ወንበሩ ላይ ክምር አለ። ይኸ ሁሉ ዓመት ፀጉሩን እያበጠረ በፊቷ ያለፈው ለዘመዱ ኖሯል! እንባው መጣ፤ አላፈረበትም።]

ታዲዮስ፦ እህቴ ኖራለች። ኮከብ እህቴ!

ፈንታ፦ አይዞህ። ዘመድ ማግኘትም እኮ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲዮስ፦ ዝም በለኝ! [ጠረጴዛው ላይ እየተጎተተ ይወጣል] ሃሎ ጋሼ... ይመለሱ። አዎን፣ ዘመዳችን ናት። ... እግዜር ያጥናኝ እንጂ ምን እላለሁ።

ፈንታ፦ ታዲዮስ፣ በማን በኩል ነው የምትዛመዱት?

ታዲዮስ፦ ምን አውቃለሁ!

ፈንታ፦ ይጠየቃላ። ዘመድ ናችሁ ብሎ ስሙን የማይናገር ሽማግሌ ጊሼ ውስጥ ወግድ ነው የሚባለው።

ታዲዮስ፦ [እያቃሰተ አንድ መስመር ይጨምራል። ድው!] «የጋራ አያት፦ ታዲዮስ።»

ፈንታ፦ ኧረግ! አንተ ነህ ኮከብን የወለድካት?

ታዲዮስ፦ ምን?

ፈንታ፦ አያቷ ነኝ ብለሃል እኮ። ታዲያ አያት ሆነህ ነው እንዴ ሽማግሌ የምትልከው? አታፍርም? እስቲ ያን መንገድ የሚሠራውን ቻይናዊ ሞክረው፤ ሚስተር ዋንግን።

ታዲዮስ፦ የዋንግን ቅድመ አያት ማን ያውቃል?

ፈንታ፦ ሁሉንም ዋንግ እያልክ ሙላው። አገሩን ቻይና በል።

ታዲዮስ፦ [ይጽፋል] «ዘመድ ናችሁ። የጋራ አያት፦ ታዲዮስ።»

ፈንታ፦ [ወንበሩን ይዞ በሳቅ ይወድቃል] አባባ ታዲዮስ! የቻይና አያት! ይኸ መንገድ ታዲያ የልጅ ልጆችህ ሥራ ነዋ! አስፋልቱን በደጅህ በኩል አዙርልኝ በለው!

ታዲዮስ፦ [ሳቁ እሱንም ይይዘዋል፤ እየሳቀ ያለቅሳል] አገኘሁት! ስትሪንግ ኮምፔር ሁለቱ ስሞች አንድ ዓይነት ከሆኑ ዜሮ ነው የሚመልሰው። «ልዩነታቸው ዜሮ ነው» ማለቱ ነው። እኔ ገልብጬ ነው ያነበብኩት። ለዚህ ነው ከኔ የተለየውን ሁሉ ዘመድ የሚያደርግብኝ!

ፈንታ፦ ታዲያ ሽማግሌዎቹ እየተመለሱ ነው እኮ።

ታዲዮስ፦ ሃሎ ጋሼ! አይመለሱ! ... ዞራችሁ? እንደገና ይዙሩ! ... ሾፌሩን ይቆጣጠሩታ! ... አይ ቆይ፣ ወደዚያም ገና አይሂዱ፤ ወደ ሞላሌ ፊታችሁን አዙራችሁ ቁሙ! ... ጋሼ፣ አይርገሙኝ እንጂ!

[መኪና ሲያልፍ ፈንታ ዳግመኛ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጉሙን በእጁ ሲጠርግ ቆየና ፈገግ ብሎ ተመለሰ። ታዲዮስ አላየውም፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል።]

ታዲዮስ፦ አስተካክያለሁ። ፈንታና ጌታነሽ... «ዘመድ ናችሁ፤ የጋራ አያት፦» ይኸው፣ የአባትህን ስም አወጣው! ዋንግና እኔ... «ዝምድና የለም።» እፎይ! አሁን ኮከብ... እናቴ ማርያም... «ዝምድና የለም። መጋባት ይቻላል!»

ፈንታ፦ [ታዲዮስ ጠረጴዛው ላይ አንድ እግሩን ሲያደርግ] ቆይ እስቲ፣ አንድ ነገር አልገባኝም።

ታዲዮስ፦ ምኑ?

ፈንታ፦ በሮቹ ከዜሮ እስከ ስንት ናቸው?

ታዲዮስ፦ ከዜሮ እስከ ስድስት። ሰባት ክፍል።

ፈንታ፦ ዜሮው ላይ ያለኸው አንተ ነህ?

ታዲዮስ፦ እኔ ነኝ።

ፈንታ፦ አንተ ለራስህ አያት ነህ?

ታዲዮስ፦ ለቻይና ነበርኩ፤ እሱም ቀርቷል። ምን ልትል ነው?

ፈንታ፦ ታዲያ አንተን ካወጣንህ የቀሩት ስድስት ናቸው። እኛ ጊሼ የምንቆጥረው ከአባት ጀምረን ነው። ሰባተኛው የት ሄደ?

[ታዲዮስ እግሩን ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው አወረደ። ጣቱን አጥፎ ቆጠረ፤ ዘርግቶ ቆጠረ። ልጁ እውነቱን ነው! ሰባተኛው ቤት ሳይታይ ሽማግሌ መላክ ማለት በቀዳም ሥዑር ወጥ ቀምሶ ጾምኩ እንደማለት ነው።]

ታዲዮስ፦ ቀላል ነው። «ከሰባት እስኪያንስ» ያልኩትን «እስከ ሰባት ድረስ» እለዋለሁ። [ድው!] አለቀ።

ፈንታ፦ ምን አለ?

[ታዲዮስ ስክሪኑን በባናው ጫፍ ጠርጎ እንደገና ያነባል።]

ፈንታ፦ ታዲዮስ? ምን አለ?

ታዲዮስ፦ «ዘመድ ናችሁ። የጋራ አያት፦ ኮከብ።»

ፈንታ፦ የኮከብ አያት ኮከብ?

ታዲዮስ፦ የኔም።

ፈንታ፦ ቅድም አንተ አያቷ ነበርክ፤ አሁን ደግሞ እሷ ሰባተኛ አያትህ ሆነች! እናንተ ሰዎች እየተፈራረቃችሁ ነው የምትወላለዱት? ለነገሩ ለሰባተኛ አያት አላረጀችም።

ታዲዮስ፦ [ግንባሩን ከስክሪኑ ጋር አጋጥሞ ይቆያል፤ በድንገት ይነሣል] ግቢው!

ፈንታ፦ የቱ ግቢ?

ታዲዮስ፦ ክፍሎቹ! ለኔ የሠራሁት ከዜሮ እስከ ስድስት ነው፤ ሰባት ቁጥር በር የለኝም። እኔ ደግሞ እስከ ሰባት ድረስ ሂድ አልኩት። ሲ ደግሞ «በሩ የለም» ብሎ አይመልስህም፤ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ከኔ ግቢ ግድግዳ ለግድግዳ የተሠራው የኮከብ ግቢ ነው። የመጨረሻውን በር አልፎ ሄዶ የጎረቤት የመጀመሪያ በር ከፍቶ ገባ፤ ያገኘውን ሰው የኔ ሰባተኛ አያት ነው ብሎ ጻፈ። ያገኘው ኮከብን!

ፈንታ፦ ሳያንኳኳ ነው የገባባት?

ታዲዮስ፦ ሳያንኳኳ!

ፈንታ፦ ጨዋ ያላሳደገው ቋንቋ! አባቷ ቢያዩት እግሩን ነበር የሚሰብሩት። ታዲያ አሁን ምን ይደረጋል?

ታዲዮስ፦ ስምንት ስምንት ክፍል እሠራለሁ። የሰባተኛ አያቶቻችንን ስም ጋሼ ሲነግሩኝ ክፍል ስላልተረፈኝ ትቻቸው ነበር፤ የኔ ደስታ የሚባሉ ናቸው፣ የሷ ሽብሩ። [ይጽፋል፤ ድው! ድው!] አሁን ፈንታ፣ እጅህን አምጣ፣ ያዘኝ። አላይም። አንተ አንብብልኝ።

ፈንታ፦ [ጎንበስ ብሎ] «ዝምድና... የለም። መጋባት... ይቻላል።»

ታዲዮስ፦ ጌታነሽንስ?

ፈንታ፦ ከልክሎኛል።

ታዲዮስ፦ ዋንግ?

ፈንታ፦ ባዕድ ነው።

ታዲዮስ፦ እልልልል! ሠራሁት! ስትራክት ብትል አሬይ ብትል በእጄ ነው! [ጠረጴዛው ላይ ተወርውሮ ይወጣል] ሃሎ! ጋሼ ኪዳነ ወልድ! ይንዱት! አሁን ስምንት ክፍል አድርጌ፣ ከአባት ጀምሬ... ምን? ደርሰዋል? ... እንዴት ደረሱ? ... ሾፌሩ «እኔ ሚኒባስ እንጂ እንዝርት አልያዝኩም፤ ከዚህ በላይ አልሽከረከርም» ብሎ ነዳው? እጁን ይባርከው! ታዲያ ተቀመጡ? ... ሌላ ሽማግሌ? ... ቀድመው ገብተው? ... ከየት የመጡ? ... ከጊሼ? ... [ድምፁ እየቀጠነ] አቶ ገሠሠ እሺ አሉ? ለማን? ... ስሙን ይድገሙልኝ፣ ጋሼ።

[ስልኩን ከጆሮው አወረደው። ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ ፈንታን ቁልቁል ያየዋል።]

ፈንታ፦ ኔትወርክ ሄደ?

ታዲዮስ፦ ፈንታ።

ፈንታ፦ አቤት።

ታዲዮስ፦ ጊሼ ውስጥ ስንት ፈንታ አለ?

ፈንታ፦ ኧረ ብዙ ነው።

ታዲዮስ፦ ከኮከብ ጋር ኮምፒዩተር የሚማር?

ፈንታ፦ [የበሶውን ፍርፋሪ ከጉልበቱ እያራገፈ] እሱስ አንድ ነው።

ታዲዮስ፦ አንተ! ለኮከብ ሽማግሌ ላክህ?

ፈንታ፦ ዛሬ አልላክሁም። የላክሁት ከዐቢይ ጾም በፊት ነው፤ ያን ጊዜ «እንምከርበት» ብለው መለሷቸው። ዛሬ የመልሱ ቀን ነበር።

ታዲዮስ፦ ሰባት ቤቱስ?

ፈንታ፦ እናቴና እናቷ ሞላሌ ገበያ ተገናኝተው ቆጠሩት። በእናትም፣ በአባትም።

ታዲዮስ፦ ለምን አትነግረኝም ታዲያ? ጓደኛዬ አይደለህም?

ፈንታ፦ ልነግርህ ጀምሬ ነበር እኮ። ኢንዴክስ አስረዳኸኝ።

[ታዲዮስ ይወርዳል። ይናደድ፣ ያልቅስ አላወቀውም።]

ታዲዮስ፦ እሺ፣ ያ ሁሉ ጥያቄስ? አልገባኝም፣ አልገባኝም ስትለኝ የዋልከው? ቻይናው? እህትህ? ጉድ እኮ ነው! እኔ ሞኝ ጓደኛ ያለኝ መስሎኝ ሳዝንልህ!

ፈንታ፦ ስማኝ ታዲዮስ። የኔ ሽማግሌዎች ከጊሼ ነው የሚመጡት፣ በዚህ መስኮት ሥር አልፈው፤ መንገዱን ታውቀዋለህ። ያንተዎቹ ደግሞ እዚሁ ደጃፍ ናቸው። ጋሼ ኪዳነ ወልድ ቀድመው ገብተው ከተቀመጡ፣ አቶ ገሠሠ እሳቸውን እንቢ ማለት አይሆንላቸውም፤ ይፈሯቸዋል። ኮከብን ልታሳጣኝ ነው። ጭንቅ ብሎኝ እሷኑ «ምን ላድርግ?» አልኳት።

ታዲዮስ፦ ምን አለች?

ፈንታ፦ ይቅርብህ።

ታዲዮስ፦ ተናገር እንጂ!

ፈንታ፦ «ምንም አትሥራ፤ አጠገቡ ተቀምጠህ አልገባኝም በለው። ታዲዮስ ማስረዳት ከጀመረ እንኳን ለሽማግሌ፣ ለምጽአትም አይነሣ» አለችኝ።

[ታዲዮስ ባናውን ተከናነበ። ስክሪኑን አየ፤ «መጋባት ይቻላል» ይላል አሁንም፤ ለማን እንደሆነ ግን አልጻፈም። ወደ በሩ ሄደ።]

ታዲዮስ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። በቃኝ! ከዛሬ ጀምሮ ከኔ አፍ አንዲት ቃል አታገኝም። ስትራክት የለ፣ አሬይ የለ! ለነገ የተሰጠንን የቤት ሥራ እንደ ፍጥርጥርህ ሥራው!

ፈንታ፦ እውነትህን ነው፤ ተናደድ፤ ይገባሃል። በድዬሃለሁ።

ታዲዮስ፦ አትለምነኝ!

ፈንታ፦ አልለምንህም። [ወደ ኮምፒዩተሩ ዞሮ፣ ለራሱ እንደሚያወራ] እኔማ ለነገው ሥራ የሠርጌን እንግዶች በአሬይ አስቀምጣለሁ ብዬ ነበር። ክፍሉ ስንት እንደሆነ ግን አስቀድመህ ቁረጥ ይላል። መንዝ ደግሞ ሠርግ የሚጠራው ሌላ፣ የሚመጣው ሌላ። ቁጥሩ ለማይታወቅ ሰው ቤት እንዴት ይሠራል? እሱ ነው ያልገባኝ።

[ታዲዮስ እጁ የበሩ እጀታ ላይ ነው። አልወጣም። አንዴ ተነፈሰ። አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ባናውን ከትከሻው አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለው።]

ታዲዮስ፦ እሱማ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ወንበርህን ሳብ አድርገህ ተቀመጥ፤ ላስረዳህ።